ከንፍሮው ሥር ያየሁት ጥለት

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሰፌድ መጠየቅ ነውር ነው። አውቃለሁ። ግን ያን ቀን፣ ለጎረቤቴ ዘመድ ልንላቀስ ሱሉልታ ሄደን ድንኳን ውስጥ ተደርድረን ሳለ፣ ንፍሮው በሰፌድ እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። ሰው ሁሉ እፍኝ እፍኝ እያነሳ ስለነበር ስንዴው ሳስቷል። እጄን ስሰድ ከሥሩ አንድ ነገር ብቅ አለ። ከሰፌዱ እምብርት ተነስተው ወደ ዳር የሚወጡ ጥቋቁር ደረጃዎች ናቸው፤ ሁሉም ወደ ቀኝ ያዘነበሉ፣ ነፋስ እንደገፋው የገብስ ማሳ። በየደረጃው ትከሻ ላይ አንዳንድ ቀይ ፍሬ ተቀምጣለች። እፍኜን አንስቼ ሰፌዱን በማሳለፍ ፈንታ ንፍሮውን በጣቴ ወደ ዳር ወደ ዳር እገፋ ጀመር።

"ምን ጠፋሽ?" አለችኝ ጎረቤቴ፣ ዓይኗ በለቅሶ እንደቀላ።

"ምንም። ይሄን ማን ነው የሰፋው?"

"ሴትዮ፣ ሰው ሞቷል።"

"አውቃለሁ፣ ነፍስ ይማር። ማን ሰፋው?"

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው።

ሥራዬን ላስረዳችሁ። ቡራዩ ውስጥ፣ ከባሌ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ጨርቅ አትማለሁ። ረጅም ጠረጴዛ አለኝ፤ ላዩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ወጥሬበታለሁ፤ በብርድ ልብሱ ላይ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይዘረጋል። ባሌ ከሚጥለው የዋንዛ ቁራጭ ማህተም እቀርጻለሁ። ማህተሙን ቀለም በጠጣ ስፖንጅ ላይ ጫን አደርገውና ጨርቁ ላይ አሳርፈዋለሁ፤ በጡጫዬ መታ መታ አደርገዋለሁ፤ አነሳዋለሁ። ሲደርቅ ቀለሙ እንዳይለቅ በካውያ እተኩሰዋለሁ። ከዚያ ልብስ ሰፊዎች ወስደው ቀሚስም ሸሚዝም ያደርጉታል።

ያስተማረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ የቀረጽኩት ድንች ነው፤ ቀጥሎ የባሌን ነጠላ ጫማ ሶል፤ እሱን እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ማህተም እንደ መስታወት ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ እንደሚያደርግም የነገረኝ አልነበረም። ለአንዲት ሕፃን ቀሚስ ደረት ላይ ሁለት ዶሮዎች ፊት ለፊት እንዲተያዩ ብዬ ቀርጬ፣ ሳትማቸው ጅራት ለጅራት ተሰጣጥተው ቆሙ። እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች። ከዚያ ወዲህ የምፈልገውን ስስ ወረቀት ላይ እስልና ወረቀቱን ገልብጬ ነው እንጨቱ ላይ የምለጥፈው። ይህቺን የወረቀት ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

የማትመው ደግሞ ሴቶች በእጃቸው ሠርተው ስማቸው ያልተነሳበትን ነገር ነው። የአንዲት አሮጊት የአንገት ንቅሳት፣ የቅል አንገት ላይ በቢላ የተጫረ ሐረግ፣ እንስራ ከመተኮሱ በፊት በጥፍር የተወጋ ነጠብጣብ። እነዚህን ሁሉ ያገኘኋቸው በዓይኔ ለቃቅሜ ነው። እናቴ የሞተችው ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ሳልችል ነው፤ እጄን በእጁ ይዞ "እንዲህ ነው፣ እንዲህ" ብሎ አንድ ነገር ያስጀመረኝ ሰው በዕድሜዬ አላውቅም። ሰው ሲያመሰግነኝ "ራሷን በራሷ ያስተማረች" ይላል። እኔ ግን ይህ ምስጋና ሲነገር ሁሌም አንድ ነገር ይጎድለኛል።

ስለዚህ ሱሉልታ ተመልሼ ሄድኩ።

የሰፌዱ ባለቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከብቶች ከሚውሉበት ሜዳ ዳር የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ሁሉም አዴ ነው የሚላቸው፤ በአገሩ ለትልቅ ሴት የሚባለው ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ወስፌያቸውን በፀጉራቸው ላይ እያሹ አገኘኋቸው፤ ሣሩን ቀዳዳ እያበጀ የሚሰፋው ወፍራሙ መርፌ ነው።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አሉኝ።

"ሰፌድዎን አይቼ ነው አዴ። ያዘነበለውን።"

"ዘንባላውን?" ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ፤ ሞራ እየጋረደው ነው። "ለቅሶ ላይ ንፍሮ ስትቆፍሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። "እኔ ነኝ።"

"እኔ እኮ ስንዴው ውስጥ ድንጋይ አገኘች ብዬ አፍሬ ነበር።"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም፤ ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ሰፌዱ ተሰቅሎ እያየሁት ነበር። ልብስ ላይ ላትመው እንደምፈልግ ነገርኳቸው። እሳቸውም ነገሩን አልጠሉትም። ምራታቸው ፕላስቲክ ሰፌድ ትገዛለች፤ "ይታጠባል ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ ይታጠባል" አሉ። ልጆቻቸው ወስፌ አይዙም። ዓይናቸው ሳይጨልም ዘንባላውን ለአንድ ሰው ቢያስይዙ ደስ ይላቸዋል።

"ግን ለአንድ ነው" አሉ። "ጥለት ለአንድ እጅ ነው የሚሰጠው። እህቴ አወጣችው፣ ለኔ ሰጠችኝ፣ በቃ። ለሁለት የሰጡት ጥለት ባለቤት የለውም።"

"እንዴት ነው የሚሰጠው?"

"እጅሽን ይዤ የመጀመሪያውን ዙር አብሬሽ እሰፋለሁ። ከዚያ ያንቺ ነው።"

እጅሽን ይዤ። ይህን ከሰሙ በኋላ ሌላ ምን ይፈለጋል?

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱሉልታን መንገድ ተመላለስኩበት። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ዊንጌት፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሽቅብ እንጦጦን ታክኮ ቁልቁል። አዴ ግን አይቸኩሉም። አንድ ቀን ስንደዶ፣ የስፌቱን ሣር፣ ስመርጥላቸው ያውሉኛል፤ አንድ ቀን እርጎ ሰጥተውኝ ስለ ጥጃ ያወሩኛል። "እንግዳዬ" ነው የሚሉኝ። "እንግዳዬ መጣች፣ ወንበር አምጡ።" ወንበሩ ይመጣል። ወስፌው አይመጣም።

እኔ ደግሞ ወሬ ወዳድ ነኝ፤ በሆዴ ነገር አያድርም። ስለ ዘንባላው ለሰበታዋ ልጅ ነገርኳት።

የሰበታዋን ልጅ ያገኘኋት ባዛር ላይ ነው፤ ጠረጴዛዎቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። ከደቡብ ለፋብሪካ ሥራ መጥታ የጨርቅ ማተሚያው ክፍል ውስጥ ሠርታለች፤ አሁን ተከራይታ በምትኖርባት ክፍል መዝሙር እየዘመረች ለራሷ ታትማለች። እኔን "እትዬ" ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር የማህተሟ ጠርዝ የተበላ ነው፣ ቀለሟ ይፈሳል፣ መስመሯ ይጣመማል። ሆኖም ባዛሩ ላይ የሚያልፈውን ሰው አስተውዬ አየሁት። የኔ ጠረጴዛ ጋ ቆሞ ጨርቄን ያነሳና "ጎበዝ" ይላል። የሷ ጋ ሄዶ ዝም ይላል። ዝም ብሎ ይቆማል፤ ልጁ እጁን ይዞ እስኪጎትተው ድረስ ይቆማል። ከ"ጎበዝ" ዝምታ እንደሚበልጥ የገባኝ ያኔ ነው።

ታዲያ ለምን ነገርሻት አትሉም? ልኮራባት ነዋ። እኔ ያገኘሁት ነገር እንዳለ እንድታውቅልኝ።

"እትዬ፣ እኔንም ውሰጂኝ፣ ልያቸው ብቻ" አለችኝ። ልያቸው ብቻ!

ወሰድኳት። ገና ከበር "አካም ጂርቱ አዴ" ብላ ጎንበስ ስትል የአዴ ፊት በራ። ልጅቷ ፋብሪካ አብረዋት ካደሩ ሴቶች አፋን ኦሮሞ ተምራ ኖሯል፤ እንደ ውኃ ታወርደዋለች። እኔ ቡራዩ ልጆች ወልጄ አሳድጌ ቋንቋዬ ከገበያ አላለፈም፤ ሰላምታና "ሜቃ" ነው፣ ስንት ነው ለማለት። እነሱ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ እኔ መሐላቸው ተቀምጬ በሳቃቸው ልክ ጥርሴን አሳያለሁ። አንድ ጊዜ ወደኔ እያዩ ሳቁ።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ስለ ንፍሮው ነው እትዬ።"

ልንሄድ ስንል አዴ የልጅቷን ጉንጭ ያዙና "ኢንታላ ኮ" አሏት። ይህንን ያህል አፋን ኦሮሞ አውቃለሁ። ልጄ ማለት ነው።

ወደ እኔ ዞረው "እንግዳዬ፣ በደህና ግቢ" አሉ።

 በመልስ ታክሲው ውስጥ ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ፊቷ እንደ ሕፃን ነው። ተኝታ እንኳ ታስቀናለች። የታክሲው ረዳት "ልጅሽ ናት?" ሲለኝ "አይደለችም" ያልኩበት ድምፅ ለራሴም አስደነገጠኝ።

ከዚያ በኋላ አንዳንዴ አዴ ቤት ስደርስ ልጅቷ ቀድማኝ መጥታ ሄዳለች። "ኢንታላ ኮ ትናንት ነበረች" ይሉኛል። ከሰበታ ሱሉልታ ማለት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ እሷ ግን ትመጣለች። የጠረጠርኩት አልቀረም፤ አንድ ቀን ሁለታችንም ተገናኝተን ሳለ ልጅቷ ቀስ ብላ "አዴ፣ እኔም ዘንባላውን እወደዋለሁ" አለች።

አዴ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ከዚያ ሰፌዱን ከግድግዳው አወረዱትና መሐላችን አስቀመጡት።

"ሁለታችሁም ፈለጋችሁት፣ እኔ ግን ለአንድ እጅ ነው የምሰጠው። ዛሬ እዩት። ሰፌዱን ይዛችሁ አትሄዱም፣ በስልክም አታንሱት፤ ዓይናችሁ ይዞት ይሂድ። በጨርቃችሁ ላይ አትማችሁ አምጡልኝና የኔን የሚመስለውን እኔ አውቀዋለሁ።"

እኔ ሰፌዱን በመዳፌ ዳሰስኩት። ደረጃው ስንት ላይ እንደሚሰበር፣ ፍሬዋ የት እንደምትቀመጥ፣ ጥቁሩ ስንት ዙር እንደሚሄድ በጣቴ አጠናሁት። ልጅቷ አገጯን በእጇ ደግፋ አየችው፣ እያየችም ወሬዋን ቀጠለች። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ቤቴ ገብቼ ሥራ ጀመርኩ። ወረቀት ላይ ሳልኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ሳልኩ። ባሌ ከመሮው ጋር ገባ ወጣ እያለ ያየኛል።

"እኔ ያልገባኝ" አለ አንድ ቀን የእንጨት ብናኝ ከቅንድቡ እየጠረገ፣ "የምትፈልጊው ጥለቱን ነው ወይስ ልጄ መባሉን?"

"ምን አገናኘው?"

"በእንቅልፍሽ 'ኢንታላ ኮ' ስትዪ ነው የነቃሁት። እኔን መስሎኝ አቤት ብያለሁ።"

"ጥለቱን ነው" አልኩት። ጥሩ የዋንዛ ቁራጭ መርጦ ሰጠኝና፣ "ይሄ አይሰነጠቅም፣ እንደ አንቺ ነው" ብሎ ወጣ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አላወቅኩም።

ወረቀቱን ገልብጬ ለጠፍኩት፤ ቀረጽኩት። ሳትመው ዘንባላው ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ፍሬዋ በትከሻው ላይ ጉብ ብላ፣ መስመሩ ከመስመሩ ሳይዛነፍ ጨርቁን ሞላው። ንጹሕ ሥራ ነበር። እኔ ልሙት፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ሥራ ከእጄ አልወጣም።

በቀጠሮአችን ቀን አዲሱ ገበያ ተገናኝተን አብረን ተሳፈርን። ልጅቷ ጨርቋን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች።

"እትዬ፣ አሳዪኝ።"

"አዴ ፊት ነው።"

"እሺ ጫፉን ብቻ።"

"የኔ ቆንጆ፣ አዴ ፊት ነው አልኩሽ።"

ሱሉልታ ነፋሱ ብርድ ነበር። አዴ ወደ ብርሃኑ እንዲጠጉ ወንበራቸውን ደጃፉ ላይ አወጣንላቸው። የኔን መጀመሪያ ተቀበሉ። ጨርቁን አፍንጫቸው ጫፍ ድረስ አስጠግተው፣ ከዚያ አርቀው፣ ከዚያ ጣታቸውን በደረጃዎቹ ላይ አንድ በአንድ እያስኬዱ አዩት።

"ኤዬ፣ አዎ" አሉ። "ይሄ የኔ ነው። ፍሬዋ እንኳ ቦታዋን አልሳተችም። እንዴት አድርገሽ ያዝሽው አንቺ?"

 አሁን ወስፌውን ይጠይቃሉ ብዬ እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ።

ልጅቷ ጨርቋን ዘረጋች። እንደ ልማዷ ቀለሙ እዚያም እዚህም ፈሷል። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ደረጃዎቹ በሙሉ ወደ ግራ ነው ያዘነበሉት። ወረቀቱን መገልበጥ ረስታዋለች! እንዳየችው ቀርጻ፣ ማህተሙ አገላብጦባት፣ ያቺ የዶሮዎቹ ስህተት። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ የነጠላዬን ጫፍ ወደ አፌ ሳብኩት።

አዴ ዝም እንዳሉ ስለቆዩ ዓይናቸው አልለይ ብሎ ነው ብዬ ላግዛቸው ፈለግኩ። "አዴ፣ ተገልብጦባት ነው" አልኩ፣ ማር በሚመስል ድምፅ። "ማህተም ይገለብጣል፤ ሥራው እንዲህ ነው፣ አንዳንዴ ይረሳል። የልጅ ስህተት ነው።"

ልጅቷ ጨርቋን አየች፤ ሰፌዱን አየች፤ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ወይኔ እትዬ፣ ወረቀቱን አልገለበጥኩትም።"

አዴ አልሰሙንም። ከወንበራቸው ተነስተው ጨርቁን ይዘው ወደ ፀሐዩ ወጡ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ብዙ ቆሙ። ከዚያ ጨርቁን እያዩ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ቢታ" አሉ።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ግራ" አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

አዴ ተመልሰው ተቀመጡ። ጨርቁ ጭናቸው ላይ ነው፤ መዳፋቸው በላዩ ነው። ሲናገሩ በአማርኛ ነበር የተናገሩት፤ ለኔ ብለው ይመስለኛል።

"እህቴ ግራኝ ነበረች። እናታችን በግራ መብላትሽ ያንሳል፣ በግራ ደግሞ ትሰፊያለሽ ብላ ግራ እጇን በመቀነት ከወገቧ ጋር ታስረው ነበር። እሷ ትፈታውና ጥጃ ማሠሪያው ጀርባ ተደብቃ ትሰፋለች። ዘንባላውን እዚያ ነው ያወጣችው። የግራኝ ስፌት ዙሩ ወደ ሌላ ነው፤ ጥለቱም ወደ ሌላ ነው የሚተኛ። እናታችን ይህ ሰፌድ እንግዳ ፊት አይቀርብም ብላ ለዶሮ እህል ማስጫ አደረገችው። የሰፋቻቸውን ሁሉ ዶሮ ጫረው።"

ነፋሱ የጨርቁን ጫፍ ሲያነሳ መልሰው ያዙት።

"እኔን ስታስተምረኝ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ፊት ለፊት ነበር የምንቀመጠው። እሷ በግራዋ፣ እኔ በቀኜ። ኩሬ ውስጥ ፊትሽን እንደማየት ነው። የሷ ወደዚያ ሲያዘነብል የኔ ወደዚህ ያዘነብላል። ሰው ሁሉ የኔን ወደደው፤ ልክ ነውና። እሷ ሩቅ አገር ተዳረች፣ በወሊድ ሞተች። ይኸው አርጅቼ፣ የኔን ሰፌድ ባየሁ ቁጥር የሷን ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ የራሴን ነው ሳይ የኖርኩት። የሷን ከዚያ ወዲህ ዛሬ ነው ያየሁት።"

ልጅቷ አለቀሰች። ይህቺ ልጅ ለቅሶም ያምርባታል። እኔ ጨርቁን አየሁ፤ ከዚያ የኔን፣ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ የተንጠለጠለውን፣ መስመሩ ያልተዛነፈውን አየሁ።

"ዘንባላው ያንቺ ነው" አሉኝ አዴ። "የኔን የሚመስለውን አመጣሽ፤ ቃሌ ቃል ነው። ይሄኛውን ግን ልስጥ ብልም መስጠት አልችልም፣ የኔ አይደለም። ኢንታላ ኮ ይዛው መጣች፤ የአምጪዋ ነው።"

ወስፌውን አስመጡ። ስንደዶውን በውኃ አርሰው እምብርቱን ጠቀለሉ፤ ከዚያ ቀኝ እጄን በቀኝ እጃቸው ያዙት። መዳፋቸው ደረቅና ሙቅ ነበር። "እንዲህ ነው" አሉኝ። "ውጊው፣ አሳልፊው፣ ሳቢው። እንዲህ።" ከእናቴ ሞት ወዲህ የጠበቅኩት ነገር ነው፣ ሆነልኝ። የመጀመሪያውን ዙር እጄ በሰው እጅ ውስጥ ሆኖ ሰፋሁ።

ታዲያ ዓይኔ የት ነበር? ልጅቷ ላይ። ተራዋ ሲደርስ አዴ ምን እንደሚያደርጉ ነበር የማስበው።

ተራዋ ደረሰ። አዴ ወስፌውን በግራ እጃቸው ያዙ። ግራ እጃቸው ሥራ አያውቅም፤ ወስፌው ወደቀ። የልጅቷም ግራ እጅ አያውቅም፤ እሷም በቀኟ ነው የምትሠራው። ሁለት የማያውቁ እጆች ተያይዘው አንድ ቀዳዳ ይወጋሉ፣ ይስታሉ፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ይወጋሉ። ዙሩ አላልቅ አለ። አዴ እየሳቁ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ከኔ ጋር ዙሩ ቶሎ ነበር ያለቀው። ከኔ ጋር አላለቀሱም።

ስንመለስ ልጅቷ በታክሲው መስኮት ሜዳውን እያየች፣ "እትዬ፣ አሸነፍሽ እኮ" አለች።

"አዎ።"

"ደስ አላለሽም?"

"ደስ ብሎኛል።"

"እኔ እንኳ ተሳስቼ ነው" አለች፤ ሳቀች፤ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ተሳስታ ነው! እኔ ያን ስህተት በሁለት ዶሮ ከፍዬ ተምሬ፣ ስስ ወረቀት ገዝቼ፣ ገልብጬ፣ ልክ አድርጌ፣ የልክ ሰው ዋጋ አገኘሁ። እሷ ረስታ የሞተች እህት ይዛ መጣች። ይህንን ቅናት በምን አጥር ታጥሩታላችሁ? ባልወስዳት ኖሮ እንዳልል፣ ባልወስዳት አዴ ያን ጨርቅ ሳያዩ ነበር የሚቀሩት።

ዘንባላውን አሁን አትመዋለሁ። በጥቁርና በቀይ ለቀሚስ፣ በሰማያዊ ለወንዶች ሸሚዝ። ሰው ይወደዋል፤ "ጎበዝ" ይለኛል። ስታትም የኖረች እጅ ናትና እጄ አትሳሳትም። አንዳንዴ ልሳሳት ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ አውቀው የተሳሳቱት ግን ስህተት አይሆንም።

በቀደም ልጅቷ ከሰበታ በአንድ ሹፌር እጅ ጥቅል ላከችልኝ። ስከፍተው የሷ ጨርቅ ነው፣ ወደ ግራ ያዘነበለው፣ ቀለሙ አሁንም የፈሰሰ። "ለእትዬ፣ ከግድግዳሽ ላይ እንድትሰቅይው" ብላለች። ባሌ ሚስማር ይዞ መጣ። የኔ ዘንባላ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ ቦታ አለ፣ በቀኙም በግራውም።

"የት ላድርገው?" አለ።

በቀኙ ብናደርገው የኔ ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ የሷ ወደ ግራ አዘንብሎ፣ ጫፍና ጫፋቸው ሊገናኝ ነው። በግራው ካደረግነው ጀርባ ለጀርባ ይሆናሉ። ባሌ የእንጨት ሰው ነው፣ አየው፤ ግን አልተናገረም።

"በግራ" አልኩት።

ሰቀለው። ጥሩ ነበር፤ ሠርቼ ቀና ስል ሁለቱም እንደተኳረፉ አያቸዋለሁ፤ ሆዴን ያቀልለኛል።

ትናንት ስልኬ ጮኸ። የአዴ ምራት ነበረች፤ "ላገናኝሽ" ብላ ስልኩን ሰጠቻቸው። አሁን ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም።

"ኢንታላ ኮ" አሉ።

"አይ አዴ" አልኩ። "እኔ ነኝ፣ የቡራዩዋ።"

"አንቺ መሆንሽን አውቄ ነው የደወልኩት። እኔ ጆሮዬ አልታወረም።"

 ሁሉንም እንዲህ ይሉ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ቢሉ ምናለ ብዬ አሰብኩ።

"ልጅቷ የሷን እንደላከችልሽ ነገረችኝ" አሉ። "ሰቀልሽው?"

"ሰቅየዋለሁ አዴ።"

"ከኔ ጎን?"

"ከእርስዎ ጎን።"

 ከበስተጀርባቸው ላም ስትጮህ ይሰማኛል። "ይተያያሉ?" አሉኝ። "ጉልበት ለጉልበት ናቸው?"

ግድግዳዬን አየሁ።

"አዎ አዴ" አልኩ። "ይተያያሉ።"

"ገለቶሚ ልጄ። ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወደ ባሌ ሥራ ቤት ሄጄ መዶሻ ጠየቅኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ሁለት ሚስማር ጨምሮ ሰጠኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ የሷን ከግራ ነቅዬ በቀኝ ሰቀልኩት፤ ጫፍና ጫፋቸው ተጋጠመ።

ትልቅ ሴት ዋሽቼ እንዳልቀር ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።